በቢላ የፋቅሁት በረዶ

ደባርቅ ላይ ፍሪጅ የገዛ ሰው መተረቡ አይቀርም። እኛ በገዛን ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ አባዬን መንገድ ላይ እያስቆመ «ምነው ፈንታ፣ የአገሩ ብርድ አነሰህ?» ይለው ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደጅ የተረሳ የባልዲ ውኃ ጠዋት መስታወት ለብሶ በሚገኝበት ከተማ፣ በረዶ የሚሠራ ሳጥን ከጎንደር አስጭኖ ማምጣት እውነትም ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ያላሳቀኝን ነው። መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ደብተሬ በየጊዜው እያለቀ ነው፤ ስለ ዝናብ ጽፌአለሁ፣ ስለ ጓደኞቼ ጽፌአለሁ፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ። ይችን አንዷን ግን እንደ እሳት ስዞራት ኖሬ ገና ዛሬ መጠጋቴ ነው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል። ለቤቱ አንድ ልጅ ነኝ። አፌ ከማስቲካ፣ ምላሴ ከ«አውቃለሁ» አይለይም ነበር። እማዬ መናኸሪያው አጠገብ፣ መኖሪያችንም በሆነው ቤት፣ ምግብ ቤት አላት። አባዬ ደግሞ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ነው፤ ከእንግዶቹ ጋር አንዴ ከወጣ ሳምንትም፣ አሥር ቀንም ይቆያል። ፍሪጁ የተፈለገውም በእሱ ሥራ ምክንያት ነው። ከራስ ዳሽን የሚወርዱት ፈረንጆች እግራቸው አብጦ፣ ፊታቸው ተልጦ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀዝቃዛ ለስላሳ ነው። እማዬ ስታቀርብላቸው ጠርሙሱን ይዳስሱትና መልሰው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ወደ ማዶው ሆቴል ይሻገራሉ። አባዬ ይኼ ከነከነው።

ሊገዛ ጎንደር ሲወርድ ጋሽ ወርቁን ይዞ ሄደ። ትምህርት ዝግ ስለነበር እኔም ተከተልሁ። ጋሽ ወርቁ ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ራዲዮ፣ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየገጠሩ ለገበያ የሚወጣው ገበሬ ጠዋት ራዲዮውን ሰጥቷቸው ያልፋል፤ ማታ ወደ አገሩ ሲመለስ ራዲዮው እየዘፈነ ይቀበላቸዋል። ደረሰኝ የለም፣ ስም አይጻፍም። በየራዲዮው እጀታ ላይ ክር ያስሩበታል፣ የማን እንደሆነ በቋጠሮው ያውቁታል። ከሩቁ ደረስጌ የመጣ ሰው እንኳ ለአንድ ቀን «ዕቃዬ ተለወጠብኝ» ብሎ አያውቅም።

ጎንደር ላይ ሁለት ያገለገሉ ፍሪጆች አየን። አንዱ ያበራል፣ አዲስ ይመስላል። ሁለተኛው በሩ ተፋቅቋል፣ አንድ እግሩም ጎሏል። የአባዬ ዓይን የሚያበራው ላይ ቀረ፤ የእኔም። ጋሽ ወርቁ ከኪሳቸው አንድ ብር አወጡና የሚያበራው በር ላይ አድርገው ዘጉበት። ሳብ ቢያደርጓት ብሯ ሸርተት ብላ ወጣች።

«ጎማው ሞቷል» አሉ። «ይኼ ሌት ተቀን ይሠራል እንጂ አያቀዘቅዝም። የመብራት ኃይል ሲሳይ ነው።»

አሮጌው ላይ ሲሞክሩት በሩ ብሯን ነክሶ ያዘ። ከዚያ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም አዳመጡ። ባለቤቱ ስንት ዓመት እንደተጠቀመበት፣ ጋዝ ተሞልቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሸጠው አንድ በአንድ ጠየቁ። እኔ በሆዴ «ሰውየው ሊድሩት ነው እንዴ?» እያልሁ ነበር። በመጨረሻ ያን አስቀያሚውን አስገዙን። ቤት ገብቶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይሰካ ቆሞ እንዲያርፍ አዘዙ። ሲሰካ ደግሞ መጥተው እኔን አጠገባቸው አቁመው አስጠነቀቁኝ፤ በረዶው ጣት ሲያህል ከሶኬት ንቀሉት፣ በሩን ክፈቱት፣ ውስጡ አንድ ጎድጓዳ ሙቅ ውኃ አስቀምጡ፣ ከዚያ ታገሡ።

«ቢላ ግን እንዳይነካው። እዚህ ግድግዳ ውስጥ እንደ ደም ሥር የሚሄድ ቱቦ አለ። ገባሽ?»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልሁ።

ወደ አባዬ ዞረው ደግሞ፣ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት ደጃፋቸው ላይ አምጥቶ እንዲጥለው ነገሩት። አባዬ ሳቀ፤ «ኧረ እርስዎ ዋስ ከሆኑ ይበቃኛል» አላቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ወር በኋላ፣ ረቡዕ ቀን ነው። አባዬ ዓርብ ከእንግዶቹ ጋር ከራስ ዳሽን ሥር ካለችው ከአምቢኮ በኩል እንደሚመለስ መልእክት ልኮብናል። እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ወደ ዳባት ከመሄዷ በፊት በጠዋቱ ቀሰቀሰችኝ። ፍሪጁን አሁን ነቅለሽ በሩን ክፈችው፣ ከሰዓት ሲቀልጥ አጽጅው፣ ማታ ለእንግዶቹ የሚሆነውን ዶሮና ሥጋ ይዤ እመጣለሁ አለችኝ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ «እሽ» አልሁ። ተነስቼም ትምህርት ቤት ሄድሁ። ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ፤ እዚያ ፊልም ነበረ። ፍሪጁ ትዝ ያለኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሮጬ ገብቼ ነቀልሁት። በሩን ከፈትሁ። ላይኛው ክፍል በረዶው ተጋግሮ አራት ጣት ሆኗል። ውኃ ለማሞቅ ከሰል ማያያዝ ታከተኝ። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አንዲት ጠብታ የለም። ወገኖቼ፣ ደባርቅ ነው! ከቤቱ ውስጥ ይልቅ ፍሪጁ ሳይሞቅ አይቀርም። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁና ተነስቼ የእማዬን የሥጋ ቢላ አመጣሁ።

ቢላው መጀመሪያ ጥሩ ሠራልኝ። በረዶው እየተገመሰ ሲወድቅ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ጋሽ ወርቁ ነገር ያከብዳሉ አልሁ። ጥግ ላይ አንድ እምቢ ያለ ነበር። ቢላውን አሾልኬ ገፋሁት።

ሽሽሽሽ አለ።

የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፣ ግን ቀጭን። ቢላውን ጥዬ ጣቴን ደፈንሁበት። ጣቴን ሳነሳ ይጮኻል፣ ስመልስ ዝም ይላል። እንደዚያ ሆኜ ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ጣቴ ደነዘዘ። ከዚያ ከአፌ ማስቲካዬን አወጣሁና ቀዳዳው ላይ ለጠፍሁት፤ ያን ጊዜ ሮዝ ቀለም ያለውን ነበር የምወደው። ድምፁ ቆመ። ውኃውን ጠራረግሁ፣ ቢላውን አጥቤ ቦታው መለስሁ፣ ፍሪጁን ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ ሞተሩም ተነሳ። «ተረፍሁ» አልሁ። እውነቴን ነው፣ ተረፍሁ ብዬ አዲስ ማስቲካ ገዛሁ።

ማታ እማዬ መጥታ ዶሮውን፣ ሥጋውንና ለስላሳውን ደረደረችበት። ሐሙስ ሞተሩ አላርፍ አለ። እማዬ «ምን ነካው፣ ዛሬስ በጣም ይሠራል» ስትል እኔ ደብተሬን እገልጥ ነበር። ዓርብ ከሰዓት አባዬ ከእንግዶቹ ጋር ገባ። በመንገዱ ሁሉ «ባለቤቴ ዘንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ ትኩስ የዶሮ ጥብስ አለ» እያለ ነው ያመጣቸው። እማዬ በሩን ስትከፍተው ሽታው እንግዶቹ የተቀመጡበት ድረስ ደረሰ። አንዷ ፈረንጅ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ለስላሳው ሞቋል። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው አስጎብኝ እየሳቀ «ፈንታ፣ ሥጋውን ገመድ ላይ ብትሰቅለው ኖሮ ተራራው ራሱ ይጠብቅልህ ነበር» አለው። እንግዶቹ ወደ ማዶው ሆቴል ተሻገሩ።

አባዬ አልጮኸም። ፍሪጁ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠና «ነክታችሁታል?» አለ። እማዬ በማርያም አለች። ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ጋሽ ወርቁ እንዳሉት ነው ያጸዳሁት» አልሁ። ይኼ አንሶኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርሁበት፤ «ሞተሩ ግን ከመጀመሪያውም ይጮህ ነበር። ለእሳቸው ነግሬአቸዋለሁ፣ ዝም አሉኝ።»

ይህችን ሁለተኛዋን ውሸት ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ራሴን ለማዳን ነበረች። ሁለተኛዋ ግን ሰው ለመግደል ነበረች።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አባዬ ፍሪጁን በጋሪ አስጫነ። በሩ እንዳይከፈት ገመዱን ይዤ ከኋላ እንድሄድ ያዘዘኝ እኔን ነው። መናኸሪያውን አልፈን፣ እህል ተራውን አልፈን ስንሄድ ሰው እየተሳሳቀ ተከተለን። «ምነው፣ ብርድ በቃችሁ?» ይሉናል። ገመዱ እጄን እየበላኝ አንገቴን ደፍቼ እራመዳለሁ፤ ማስቲካዬን ግን አልተፋሁም፣ ልማድ ነው።

ጋሽ ወርቁ ክር የታሰረባቸው ራዲዮዎች መሃል ተቀምጠው ነበር። አባዬና ባለጋሪው ፍሪጁን ደጃፉ ላይ ዱብ አደረጉት።

«ጣለው ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው» አለ አባዬ።

አንቱ ሲላቸው የኖረውን ሰው አንተ አላቸው። እሳቸውም ሰምተውታል፤ ተነስተው ገመዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። በሩን ከፈቱ፣ ሞተሩን ዳሰሱ፣ ከዚያ አንገታቸውን ላይኛው ክፍል ውስጥ አስገቡ። እዚያ ውስጥ ቆዩ። ሲወጡ በሁለት ጣታቸው መሃል አንዲት ሮዝ ነገር አለች። አዩዋት። ከዚያ አፌን አዩ።

ማኘክ አቆምሁ።

እዚያው ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። ገበያው ሁሉ እኛን ነው የሚያየው። እሳቸው ማስቲካዋን አድበልብለው ኮት ኪሳቸው ከተቱና «ለዛሬ ተውልኝ ፈንታ፣ አየዋለሁ» አሉ።

«ምኑን ታየዋለህ? ሊሞት የደረሰ አስገዛኸኝ!» አለ አባዬ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ «የእኔንም ራዲዮ ዋስ ነበርህ እኮ ወርቁ» ብሎ ቀለደ፤ ሰው ሳቀ። ሌላው ግን አልቀለደም። ከደረስጌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «የእኔን ስጠኝ እስቲ፣ ለሌላ ጊዜ አመጣዋለሁ» አሉ። ጋሽ ወርቁ ክሩን ፈትተው ሰጧቸው። ቀጥላ አንዲት ሴት መጣች። ከዚያ ሌላ። ክሮቹ መሬት ላይ ሲጠራቀሙ አየሁ። ሱቋ ውስጥ ሁለት ራዲዮ ብቻ እስኪቀር ድረስ አባዬ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እኔም አጠገቡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ቄስ ተገኘ ነገሩን ሊሸመግሉ እኛ ቤት መጡ። ጋሽ ወርቁም ተጠርተው መጡ። አባዬ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ብልሽቱን እያወቀ እንዳላስገዛኝ በማርያም ይማልልኝ፣ ከማለ እተወዋለሁ። ቄስ ተገኘ ተገቢ ነው አሉ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ወርቁ አየን። ለንጹሕ ሰው መሐላ ምን አለው? እኔ በሆዴ «ይማሉና ይለቅ» እያልሁ ነበር።

«አልምልም» አሉ።

አባዬ «አያችሁ» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ቄስ ተገኘ አዘኑ፤ «ምነው ወርቁ፣ ንጹሕ ከሆንህ?»

«አባቴ፣ መሐላ ሙሉ ነው። ግማሹን ምዬ ግማሹን አልውጥም። አላውቅም ብዬ ብምል፣ ታዲያ ማን አበላሸው ትሉኛላችሁ። እሱን የሚናገር ሌላ ሰው አለ፤ እስኪናገር እጠብቃለሁ።»

አላዩኝም። እጃቸውን ግን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ። አሁን ያወጧታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ማስቲካዋ ኪሳቸው ውስጥ ነበረች፣ አውቃለሁ። ሊያወጧት ይችሉ ነበር። ስማቸው፣ ሱቃቸው፣ ያ ሁሉ ክር በአንዲት ሮዝ ማስቲካ ይመለስላቸው ነበር፤ ሳያወጧት ሊሄዱ ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ነው ድምፄ የወጣው።

«ማስቲካው የእኔ ነው።»

ማንም አልገባውም። ስለዚህ ሁሉንም መናገር ነበረብኝ፤ ፊልሙን፣ ቢላውን፣ ጣቴን፣ ያችንም ሁለተኛ ውሸት። የአባዬ እጅ ተነሳ፤ ቄስ ተገኘ ያዙት። ቢመታኝ በወደድሁ። አልመታኝም። ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ እኔም ሄደ ብዬ አሰብሁ። ሲመለስ ግን ከጓሮ ያመጣውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። ጋሽ ወርቁ እግር ሥር ጎንበስ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ። «እርስዎን በገበያ አዋረድሁ።»

አገራችን በድንጋይ ይቅርታ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሰው የገደለ ሰው እንኳ እንዲህ ነው የሚለምነው። አባቴን ከድንጋይ ሥር አያለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ድንጋዩን ያነሳው እሱ ነው፣ ያሸከምሁት ግን እኔ ነኝ። ጋሽ ወርቁ ፈጥነው ከማጅራቱ አወረዱለትና «ተው ፈንታ፣ ተው» እያሉ አቀፉት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ግን ማልቀስ እንኳ አፈርሁ።

ቄስ ተገኘ ከመሄዳቸው በፊት ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ የወርቁ ስም የጠፋው ገበያ ላይ ነው። የገበያን ነገር ጓዳ ውስጥ አንጨርሰውም» አሉኝ። ሌላ ቅጣት አልሰጡኝም።

ሳምንቱን ሁሉ ገበያ ላይ የምናገረውን ተለማመድሁ። መስታወት ፊት «ሕዝቤ ሆይ» ብዬ ጀምሬ ራሴን ጠላሁት። ዓርብ ላይ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ እጽፈዋለሁ! አፌ ካልደፈረ እጄ ይድፈር አልሁ። ከደብተሬ መሃል ሁለት ገጽ ገነጠልሁና በትልልቁ ጻፍሁ።

«ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ደጃፍ የተጣለውን ፍሪጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በረዶውን በቢላ ፋቅሁ። ቀዳዳውን በማስቲካ ደፈንሁ። አልነካሁም ብዬ ዋሸሁ። ጋሽ ወርቁ ጥፋት የለባቸውም። እመቤት ፈንታ።»

በሕይወቴ ሰው እንዲያነበው ብዬ የጻፍሁት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ሄጄ ለጋሽ ወርቁ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ከሥሩ ጨምሪበት። በረዶ በሙቅ ውኃ እንጂ በቢላ አይፋቅም በይ። ከወጣሽ አይቀር ሰው ይጠቀምበት።»

ጨመርሁበት፣ ቆርቆሮው በር ላይ ለጠፍነው። ተገላገልሁ ብዬ ልሄድ ስል ባለፈው ራዲዮአቸውን የወሰዱት የደረስጌው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ወዲያ ወዲህ አዩ፤ ቅዳሜም ቢሆን ዩኒፎርሜን ለብሼ ነበር፣ በአካባቢው ተማሪ የምመስለው እኔ ብቻ ነኝ።

«አንች ልጅ፣ ፊደል ቆጥረሻል አይደል? ምን ይላል ይኼ?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ገበያው ውስጥ ማንበብ የሚችል ከስንት አንድ ነው፤ ወረቀት ያየ ሁሉ ተማሪ ፈልጎ «አንብቢልኝ» ማለት ልማዱ ነው። ጋሽ ወርቁ ከውስጥ ሆነው ካቻቢቴያቸውን ይጠርጋሉ፣ ቀና አላሉም። አነበብሁላቸው። ሌሎችም ቀረቡ። ስጨርስ ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ወይ ጉድ! ይኸን መሳይ ሰው አንገት አስደፍታ! ማናት እች ልጅ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልሁ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ከኩታቸው ሥር ራዲዮአቸውን አወጡና ለጋሽ ወርቁ አቀበሉ። ክር ታሰረበት። ያን ቀን እስከ ማታ ስንቴ እንዳነበብሁት አልቆጠርሁም። በየንባቡ መጨረሻ ያችው ጥያቄ ትመጣለች፣ ያችው መልስ ትወጣለች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «እግዜር ይይልሽ» ይላል፣ አንዲት እናት ደግሞ ጉንጬን ቆንጥጣኝ ሄደች። ራዲዮውን ወስዶ የሄደው ሁሉ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉ።

ፍሪጁን ጋሽ ወርቁ ሊደፍኑት ሞከሩ፤ ቱቦው ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበርና አልሆነም። ዛሬ እማዬ ዱቄት ታስቀምጥበታለች። አይጥ አይገባበትም፣ ነቀዝም አይጠጋውም፤ ጎማው አሁንም ብር ነክሶ ይይዛል። በሩን በከፈትሁት ቁጥር ያ ጥግ ይታየኛል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ዕቃ ስትገዙ አብረቅራቂውን ትታችሁ የበሩን ጎማ ፈትሹ፤ ሞተሩን አድምጡ፤ የሻጩን ታሪክ ጠይቁ። ሲበላሽ ግን ከሁሉ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። እኛ ቤት ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው የጠጋኙ ስም ነበር። ዕቃው አፍ የለውም፤ ጠጋኙ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አፍ እያለው ለእኛ ሲል ዝም ይላል።

በር ላይ የለጠፍነውን ወረቀት ዝናብ ባራሰው ቁጥር ጋሽ ወርቁ «እንደገና ጻፊልኝ» ይሉኛል። በጻፍሁት ቁጥር ትንሽ ይረዝማል፤ አንዴ ገመዱን እጨምራለሁ፣ አንዴ ድንጋዩን። ይኼ ከሁሉም የረዘመው ነው። እናም ስትጨርሱት፣ እንደ ገበያው ሰው «ማናት እች ልጅ?» ብትሉ፣ እኔ ነኝ።